ማነው? ለምን ጉዳይ?

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ፍራንክፈርት ወዳለው አጎቴ ቤት የሄድኩት አንድ ግራጫ ሳጥን፣ አሮጌ ላፕቶፕና የሲሪያል ኬብል በቦርሳ ይዤ ነው። ሳጥኑ ኮምፒውተርን ከአይኤስዲኤን፣ ማለትም ከአሃዛዊ የስልክ መስመር፣ ጋር የሚያገናኝ ተርሚናል አዳፕተር ነው። የምሠራበት ድርጅት ከሚከታተላቸው ሕንፃዎች በአንዱ ምድር ቤት የማሞቂያ መቆጣጠሪያ አለ፤ የብዙ ዓመት የሙቀት መዝገብ ይዟል፤ ከውጭ ጋር የሚነጋገረው ግን በዚህ ሳጥን በኩል ብቻ ነው። ሕንፃው የራሱ የስልክ ማዞሪያ ስላለው የውስጥ አይኤስዲኤን መስመሮቹ እስከ ዛሬ ይሠራሉ። መቆጣጠሪያው ሊነሳ ስለሆነ መዝገቡን ቀድሜ ማውጣት ነበረብኝ። ላይኛው ፎቅ ባለ ሌላ ተመሳሳይ ሳጥን እየደወልኩ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ደከምኩ፤ አንዲት መስመር መረጃ አላገኘሁም። በመጨረሻ የምድር ቤቱን ሳጥን ነቅዬ ወደ ቤቴ ይዤው ሄድኩ።

ጋሼ ጀርመን ከገቡ ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ በስልክ መስመር ሥራ የኖሩ ሰው ናቸው። ቡናው እየተቆላ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው። የተነጋገርነውን ያሰፈርኩት፣ እንዲህ ያለ ሳጥን ዛሬም በየምድር ቤቱ እንዳለ ስለማውቅ ነው።

ጋሼ፦ ምን ይላል?

እኔ፦ «ኖ ካሪየር» ይላል። ሌላ ቃል የለውም።

ጋሼ፦ እሱን ተይው። ያ ቃል ከሞደም የተወረሰ ነው። ሞደም በስልክ ሽቦ ላይ ያፏጭ ነበር፤ ፉጨቱ ሲጠፋበት «ካሪየር የለም» ይላል። አይኤስዲኤን ላይ የሚያፏጭ ነገር የለም። ከግድግዳሽ ሶኬት ጀምሮ ሁሉም አሃዝ ነው፣ ዜሮና አንድ። ሳጥኑ ሞደም መስሎ የሚቀርበው ኮምፒውተሩ እንዲቀበለው ነው፤ የሞደሞቹን የኤቲ ትዕዛዝ የሚሰማውም ለዚያ ነው። አንቺ የምክንያቱን ቁጥር አምጪልኝ።

እኔ፦ የምን ምክንያት?

ጋሼ፦ መስመሩ ጥሪን ሲዘጋ ለምን እንደዘጋ በቁጥር ይናገራል። 16 ከሆነ ሰው በወጉ ዘግቷል። 17 ከሆነ ተይዟል። 1 ከሆነ እንዲህ ያለ ቁጥር ጭራሽ የለም። 34 ከሆነ ነፃ ቻናል አልተገኘም። ኪው.850 የሚባለው ደንብ ነው ይህን የደነገገው። እኔ ይህን መስመር የወደድኩት በዚህ ነው፤ ደንበኛ ፊት ቆሜ ስገምት ውዬ አላውቅም።

እኔ፦ ላፕቶፑ ላይ ያለው ፕሮግራም መዝግቦታል። ሦስት ጊዜ ነው የሞከርኩት። የመጀመሪያው 34ዲ8 ይላል።

ጋሼ፦ ይህ 34 የቅድሙ የምክንያት ቁጥር አይደለም፤ ከፊት ሲመጣ ምክንያቱ ከመስመሩ የመጣ ነው ማለት ነው፤ ፕሮግራሙ የወለደው ስህተት አይደለም። ዲ8 በባለ 16 መሠረት ቁጥር የተጻፈ ነው። የላይኛውን ቢት ስታነሺለት 58 ይቀራል፤ በእኛ በባለ አሥሩ 88 ነው። 88 «ተጠሪው ከጥሪው ጋር አይስማማም» ማለት ነው። የጥሪውን ዓይነት ምን ብለሽ ሞላሽው?

እኔ፦ «ድምፅ» አልኩት። የምደውለው ስልክ ቁጥር ስለሆነ...

ጋሼ፦ አየሽ፣ ሁሉም ሰው እዚያ ላይ ይወድቃል። ግቢ በር ላይ ስታንኳኪ ዘበኛው ምን ይላል? «ማነው?» ይላል፣ ከዚያ «ለምን ጉዳይ?» ይላል። በር ከመክፈቱ በፊት ነው የሚጠይቀው። አይኤስዲኤንም እንደዚሁ ነው። አንድ መደበኛ መስመር ሦስት ቻናል አለው፦ እያንዳንዳቸው 64 ኪሎቢት በሰከንድ የሚሸከሙ ሁለት ቢ ቻናሎችና ባለ 16 ኪሎቢት አንድ ዲ ቻናል። ጭነቱ በቢ ይሄዳል። የበሩ ወሬ በዲ ይሄዳል። ስትደውዪ ሳጥንሽ በዲ ቻናል «ሴትአፕ» የሚባል መልእክት ይልካል፤ ውስጡ የተጠሪው ቁጥር አለ፣ የጉዳዩ ዓይነትም አለ፦ ንግግር ነው? የስልክ ድምፅ የሚያልፍበት 3.1 ኪሎኸርዝ ነው? ወይስ ያልተገደበ አሃዛዊ መረጃ? አንቺ «ንግግር» ብለሽ ላክሽ። የምድር ቤቱ ሳጥን ደግሞ መረጃ ብቻ ነው የሚቀበለው። ቢ ቻናል ሳይከፈት በሩ ላይ መለሰሽ። ለጥሪው አንዲት ሳንቲም እንኳ ሳይቆጠር።

እኔ፦ «ያልተገደበ» የሚሉት ምን ለማለት ነው?

ጋሼ፦ መስመሩ ቢትሽን አይነካም፣ አያጠራም፣ አይጨምቅም፣ ማሚቶ አያጠፋም። የሰጠሽውን ያንኑ በሌላው ጫፍ ያወጣል። ንግግር ካልሽው ግን በመንገድ ላይ ለጆሮ እንዲመች ሊነካካው ይፈቀድለታል፤ መረጃ ከሆነ በዚያ ይበላሻል። በነገራችን ላይ ኤምፒ3 የሚሉት የሙዚቃ ፋይል የተወለደው ከዚህ ሐሳብ ነው። ኤርላንገን ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ዲተር ዛይትሰር የሚባሉ ፕሮፌሰር ሙዚቃን በአሃዛዊ የስልክ መስመር መላክ ፈለጉ፤ ተማሪያቸው ካርልሃይንትስ ብራንደንቡርግ ጥናቱን ያዘ። መስመሩ 64 ኪሎቢት ብቻ ስለሆነ ሙዚቃው መጨመቅ ነበረበት። እኔም ለሬዲዮ ስቱዲዮዎች ስንት መስመር ዘርግቻለሁ! ጋዜጠኛው ከኳስ ሜዳ ሲናገር አጠገብሽ የተቀመጠ ይመስል ነበር።

እኔ፦ በሁለተኛው ሙከራ ዓይነቱን ወደ መረጃ ቀየርኩት። ያን ጊዜ ተገናኘ። «ኮኔክት 64000» አለ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ግን አንድም ፊደል ሳይመጣ ጥቂት ቆይቶ ተቋረጠ። ምክንያቱ 16 ነው።

ጋሼ፦ ይህ ነው ሰው የሚያሳብደው። ፕሮቶኮሉን ምን አደረግሽው?

እኔ፦ ፒፒፒ። ዝርዝሩ ውስጥ የማውቀው እሱን ብቻ ስለነበር።

ጋሼ፦ ዘበኛው የማይጠይቀው ሦስተኛ ጥያቄ አለ፤ «በምን ቋንቋ ነው የምትነጋገሩት?» የሚል። መረጃ ካልሽው መስመሩ በቃው። ቢ ቻናል ውስጥ ያለው የሁለቱ ሳጥኖች ጉዳይ ነው። ምድር ቤት ያለው በዚያ ዘመን እዚህ አገር የተተከለ ከሆነ ኤክስ.75 ነው የሚናገረው፣ እወራረዳለሁ። ኤክስ.75 መጀመሪያ «እንገናኝ» የሚል ፍሬም ይልካል፣ «እሺ» የሚል ፍሬም ይጠብቃል። ያንቺው ሳጥን ደግሞ በፒፒፒ ስለ ኢንተርኔት ግንኙነት ውል መዋዋል ጀመረ። ሁለቱም ፍሬማቸውን የሚጠቀልሉበት ፖስታ አንድ ነው፣ ኤችዲኤልሲ ይባላል፤ ውስጡ ያለው ደብዳቤ ግን ለየቅል ነው። ያኛው «እሺ» ሲጠብቅ ሰለቸው፣ በወጉ ዘጋው። 16 ያለሽ ለዚያ ነው። የውጭ መስመር ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ዝምታ ሒሳብ ይቆጥር ነበር።

እኔ፦ ዝርዝሩ ግን ረጅም ነው፦ ቪ.110፣ ቪ.120፣ ኤክስ.75፣ ኤችዲኤልሲ፣ ፒፒፒ፣ ኤክስ.75 ከቲ.70 ጋር... ሰው በየትኛው ይጀምር?

ጋሼ፦ ሌላው ጫፍ ላይ ማን እንዳለ በማወቅ። ከፍጥነት አትጀምሪ፤ ፍጥነት የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ኢንተርኔት አቅራቢ ጋ የምትደውዪ ከሆነ ፒፒፒ ነው። ከሳጥን ወደ ሳጥን ፋይል የምትልኪ ከሆነ እዚህ ጀርመን ኤክስ.75፣ አሜሪካ ቪ.120። ቲ.70 ያለበት ቴሌኮም ቢቲኤክስ ይለው ለነበረው የስክሪን አገልግሎት ነው። ቪ.110 ግን ትንሽ ልቀመጥበት፤ ብዙ ሰው ያልተረዳው እሱን ነው።

እኔ፦ እሺ።

ጋሼ፦ 64 ኪሎቢት የሚሸከም ጎዳና አለሽ፤ ዕቃሽ ግን በሰከንድ 9600 ቢት የሚናገር አሮጌ ማሽን ነው። ቪ.110 ያንን ቀጭን ጅረት በ80 ቢት ፍሬም ይጠቀልልና ወደ 16 ኪሎቢት ያሳድገዋል። ከዚያ ከእያንዳንዱ ስምንት ቢት ሁለቱን ብቻ ይጠቀማል፤ የቀሩትን ስድስት በአንድ ይሞላቸዋል። ከጎዳናው ሦስት አራተኛው ባዶ ይሄዳል። ሰው «ብክነት ነው» ይለኝ ነበር፤ እኔ ብክነት ነው አልልም፤ ቀላልና ፈጣን ነውና። የጂኤስኤም ሞባይልም መረጃ ወደ አይኤስዲኤን ሲደውል የሚጠቀመው ይህንኑ ነበር፤ ሞደም መሃል ሳይገባ በጥቂት ሰከንድ ይገናኛል። ጉድለቱ ሌላ ነው። ስህተት አያርምም፤ ሁለቱ ጫፎችም ፍጥነታቸው አንድ መሆን አለበት። እዚህ 9600 ከሆነ እዚያም 9600። ደግሞ ቪ.110 ከኤክስ.75ና ከፒፒፒ የሚለየው ራሱን በሴትአፑ ውስጥ ማስተዋወቁ ነው፤ ፍጥነቱን ጭምር ይናገራል። ስለዚህ ያልተስማማው ሳጥን በሩ ላይ 88 ብሎ ይመልስሻል፤ እንደ ፒፒፒው ከገባሽ በኋላ ዝም አይልሽም።

እኔ፦ ኤክስ.75 ፍጥነቱ ቢለያይ ግድ የለውም?

ጋሼ፦ የለውም። እያንዳንዱ ፍሬም ቁጥር አለው፤ ተቀባዩ «እስከዚህ ደርሶኛል» ይላል፤ የተበላሸውን ያስደግማል፤ ሲጨናነቅ «ቆይ» ይላል። ስለዚህ ምድር ቤት ያለው መቆጣጠሪያ ከሳጥኑ ጋር በ9600 ቢያወራ፣ አንቺ ከሳጥንሽ ጋር በ115200 ብታወሪ ይሠራል። ያንቺን ስንት አድርገሽዋል?

እኔ፦ 57600። ከ64000 ብዙም አያንስም ብዬ።

ጋሼ፦ ሒሳቡን እንሥራው። ቢ ቻናል 64000 ቢት ማለት 8000 ባይት በሰከንድ ነው። ሲሪያል ፖርት ግን ለአንድ ባይት 10 ቢት ይከፍላል፤ መጀመሪያውንና መጨረሻውን የሚያመለክቱ ሁለት ቢቶች ይጨምርበታል። በ57600 የሚያልፈው 5760 ባይት ብቻ ነው። መስመርሽ ከሚችለው ሩብ በላይ የላፕቶፑ በር ላይ ይቀራል። 115200 ስታደርጊው 11520 ባይት ይሆናል፤ ለአንድ ቻናል ይበቃል። ሁለት ቻናል ካጣመርሽ ግን 16000 ባይት ስለሆነ እሱም አይበቃም፤ 230400 የሚችል ፖርት ያስፈልጋል። ስንቱ ሰው ሁለት ቻናል እየከፈለ የአንዱን ተኩል እንኳ ሳያገኝ ኖሯል! አርቲኤስና ሲቲኤስ የሚባሉትን የሽቦ ምልክቶችም መክፈት አትርሺ፤ እነሱ ከሌሉ ሳጥኑ ኮምፒውተሩን «ቆይ» የሚልበት አፍ የለውም።

ቡናው ተቀዳ፤ እስከ ሁለተኛው ስለ ሽቦው አወራን። ጋሼ የአራቱ ሽቦ መስመር ሁለት ጫፍ ላይ 100 ኦም ተከላካይ መኖሩን ሳላይ ፕሮግራም እንዳልከፍት አስጠነቀቁኝ። አንዱ መስመር ላይ እስከ ስምንት መሣሪያ ይሰካል፤ በአንድ ጊዜ የሚያወሩት ግን ሁለት ናቸው።

እኔ፦ ሦስተኛው ሙከራ 3492 ነው። በእርስዎ ሒሳብ 18 ይመጣል።

ጋሼ፦ 18 «ተጠሪው ጭራሽ ድምፅ አላሰማም»። 19 ቢሆን ደወሉ ተሰምቶ ያነሳ የለም ማለት ነበር፤ ያኔ በራሱ የማንሳት ሴቲንግ ተዘግቷል እልሽ ነበር። 18 ግን የሚደውልም አልነበረም። በሁለተኛው ሙከራ መልሶልሽ በሦስተኛው የጠፋው ለምንድን ነው? መሃል ላይ ምን አደረግሽ?

እኔ፦ ...የምድር ቤቱን ሳጥን በኤቲ&ኤፍ ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ መለስኩት። የተበላሸ መስሎኝ ነው። ከዚያ ቁጥሩን አስገባሁለት።

ጋሼ፦ የትኛውን ቁጥር?

እኔ፦ የሕንፃውን ስልክ ቁጥር፣ ከነአካባቢው ኮድ። ማዞሪያው ላይ ተለጥፎ ነበር።

ጋሼ፦ ሴትአፕ የሚመጣው በመስመሩ ላይ ላሉት ሁሉ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ የተጠራውን ቁጥር ከራሱ ጋር ያመሳክራል፤ ኤምኤስኤን የሚባለው ያ ነው። የራሱ ካልሆነ ዝም ይላል፤ ዝም ማለቱ ጨዋነት ነው፣ ጎረቤቱ ተጠርቶ እሱ «አቤት» አይልም። ከማዞሪያ ጀርባ ያለ መሣሪያ ደግሞ የሚጠራው በውስጥ ቁጥሩ ነው። ስንት ነበር የደወልሽው?

እኔ፦ 22።

ጋሼ፦ ጥሪው «22» ብሎ ይመጣል፣ ሳጥኑ የሕንፃውን ረጅም ቁጥር ይጠብቃል። እንዴት ይገናኛሉ? እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ይህም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1989 ቡንደስፖስት አይኤስዲኤንን ሲከፍት የዲ ቻናሉ ደንብ የጀርመን ብቻ ነበር፣ 1ቲአር6 ይባላል፤ መሣሪያው የሚለየው በአንድ አሃዝ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ዲኤስኤስ1 የሚባለው የአውሮፓ ደንብ ሲመጣ ሙሉ ቁጥሩ መጣ። ለጥቂት ዓመታት ሁለቱም ጎን ለጎን ነበሩ፤ መሣሪያው የመጀመሪያ ገጹ ላይ «የትኛው ነው?» ይላል፣ ከተሳሳትሽ ድዳ ይሆናል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ ስፒድ የሚባል ረጅም መለያ ቁጥር ሲፈልግ ሰንብቶ ደውሎልኝ ያውቃል፤ እዚያ ማዞሪያው ራሱ ካላወቀሽ አያስገባሽም። መስመሩም በአንዳንድ ቦታ 64 ሳይሆን 56 ነበር፣ የድሮዎቹ ዲጂታል መስመሮች ለራሳቸው ምልክት አንዳንድ ቢት ስለሚሰርቁ። ያ የእነሱ ጣጣ ነው። አንቺ ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ኤቲ&ኤፍ ካልሽ በኋላ ኤቲ&ደብሊው ብለሻል?

እኔ፦ አላልኩም። ምንድን ነው እሱ?

ጋሼ፦ ማስቀመጫ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳጥኑን አብርተሽው ታውቂያለሽ?

እኔ፦ የለም። ዓርብ ማታ ነቅዬ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት።

ጋሼ፦ ሰኪው።

ሰካሁት። ላፕቶፑን አገናኝቼ ጋሼ እንዳሉኝ ኤቲ&ቪ ብዬ ጻፍኩ። ስክሪኑ ላይ የመጡትን መስመሮች ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ፦ የዲ ቻናል ደንብ ዲኤስኤስ1፤ ኤምኤስኤን 22፤ የቢ ቻናል ፕሮቶኮል ኤክስ.75፤ ሲሪያል 9600፤ በመጀመሪያው ደወል አንሳ።

እኔ፦ ጠፍቶ አልነበረም እንዴ?

ጋሼ፦ ኤቲ&ኤፍ የሚሠራበትን ሰሌዳ ነው የለወጠው፤ መዝገቡን አልነካም። ኤቲ&ደብሊው ካላልሽ አዲሱ አይመዘገብም። ሳጥኑ ጠፍቶ ሲበራ የሚያነበው የተመዘገበውን ነው። ያ መሣሪያውን የተከለው ሰው ሥራውን ጨርሶ አስቀምጦልሽ ሄዷል። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ግን የሚያውቅ ሰው ነው። ቪ.110 መርጦ ቢሆን ኖሮ ከላይ የሚደውለው ሁሉ 9600 መሆን ነበረበት፤ ኤክስ.75 መርጦ ከዚህ አዳነሽ። ሳጥኑ ፕሮቶኮሉን በራሱ እንዲገምት ማድረግም ይቻል ነበር፣ ብዙዎቹ ይችላሉ። አላደረገውም። እኔም አላደርግም። ግምት አንድ ቀን ይሳሳታል፤ ያኔ ምድር ቤት የሚወርደው ሰው ምን እንደተገመተ አያውቅም።

እኔ፦ ይህ ሁሉ ግን ሊያበቃ ነው አይደል? ቴሌኮሙ መስመሮቹን ወደ ኢንተርኔት አዛውሯል።

ጋሼ፦ የውጩ አብቅቷል ማለት ይቻላል። ጃፓን በአይኤስዲኤን የሚሄደውን የመረጃ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2024 መዝጋት ጀምራለች፤ እንግሊዝ ለጥር 2027 ቀጥራለች። አዲሱ ስልክ ድምፅን በእሽግ ነው የሚልከው፤ መረጃውን «ድምፅ ነው» ብሎ ቢይዘው ቢቱ ይበላሻል። ሳይነኩ የማሳለፊያ ደንብ አለ፣ አርኤፍሲ 4040 ይባላል፤ የሚሠራው ግን በመንገዱ ያሉት ሁሉ ከተቀበሉት ነው። ያንቺ ጥሪ ከማዞሪያው ስለማይወጣ ይህ አያገኘውም። አንቺን የሚይዝሽ ጊዜው ነው። በ9600 የሚያልፈው 960 ባይት በሰከንድ ነው፤ ለአንድ ሜጋባይት 18 ደቂቃ ገደማ ያዢለት። አትቸኩዪ፣ አታቋርጪው።

ሰኞ ጠዋት ሳጥኑን ቦታው መለስኩት። ላይኛው ፎቅ ባለው ሳጥን የጥሪውን ዓይነት መረጃ፣ ፕሮቶኮሉን ኤክስ.75፣ ሲሪያሉን 115200 አደረግሁና 22 ደወልኩ። ከሁለት ሰከንድ በኋላ ተገናኘ፤ የማሞቂያው መቆጣጠሪያ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። መዝገቡ 41 ደቂቃ ፈጅቶ ሙሉውን ወጣ። የሁለቱንም ሳጥን ሴቲንግ በወረቀት ጽፌ በየጀርባቸው ለጥፌያለሁ። እናንተም በምትሠሩበት ምድር ቤት እንዲህ ያለ ሳጥን ካገኛችሁ፣ ሌላ ቁልፍ ከመንካታችሁ በፊት እባካችሁ ኤቲ&ቪ በሉና ያለውን ገልብጡ።